ማድቤት በጓሮ

ሰኞ ከምሳ በኋላ ነበር። ቢሯችን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በያይነቱዬን በልቼ፣ ደረጃው ሥር ቡና ከምታፈላው ልጅ ሁለተኛውን ስኒ እንደተቀበልኩ ስልኬ ጮኸ። ደንበኛችን ነው፤ መድኃኒት አስመጪ። «የሂሳብ ሲስተሙ ጠፋ እኮ! ሰው ተሰልፎብኛል!» ስኒውን እንደያዝኩ ወደ ላይ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተኝቷል።

ሰርቨሮቻችን ያሉት ድሮ የዕቃ ክፍል በነበረች መስኮት አልባ ቤት ውስጥ ነው። ስገባ ጁኒየራችን ፍላሽ ይዞ ቆሟል። «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም» አለኝ፣ ገና ሳልጠይቀው።

የነካው ዶንግሏን ነበር። ዶንግል ማለት የሂሳብ ፕሮግራሙ ፈቃድ እንዳለው የሚያረጋግጥባት፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የዩኤስቢ ዕቃ ናት። ሰርቨሩ ላይ ተሰክታ ለደንበኛው ቨርቹዋል ማሽን (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር ለተሠራ ኮምፒውተር) ተሰጥታለች። ልጁ ባክአፕ ሊገለብጥ ፈልጎ ለፍላሹ ቀዳዳ ሲያጣ፣ ለአንድ ደቂቃ ብሎ ነቀላት።

እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ፕሮግራሙ ያኮርፋል፤ መልሰህ ስትሰካለት ይታረቃል። እዚህ ግን ማሽኑ በሙሉ ሞተ። ዊንዶውሱ፣ ዳታቤዙ፣ አሥራ አንድ ሰው ከፍቶት የነበረው ደረሰኝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ሎጉ (የሰርቨሩ መዝገብ) መጨረሻ ላይ «አቦርትድ» የምትል መስመር አለች፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ዳታቤዙን ጠግነን ስንጨርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ስኒዋን የመለስኩት በማግስቱ ነው።

ያን ምሽት ታክሲ ስጠብቅ ያበሳጨኝ ልጁ አልነበረም። ዩኤስቢ መንቀል እንዴት ማሽን ይገድላል? መልሱን ለዓመታት አውቀዋለሁ። እያወቅኩ ምንም አለማድረጌ ነው ያንገበገበኝ።

እኛ ዘንድ ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬዳቸው ኬሙ ነው። ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው፣ ኬቪኤም በ2007 ሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ ከእሱ ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የሥራ ድርሻቸው የተለያየ ነው። ሲፒዩውን ኬቪኤም ከሃርድዌሩ ጋር ሆኖ ይይዛል። ዲስኩን፣ ኔትወርክ ካርዱን፣ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ዩኤስቢውን አስመስሎ የሚያቀርበው ኬሙ ነው። ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ዲስክ አለኝ ብሎ ያምናል፤ ዲስኩ ግን ኬሙ ውስጥ የተጻፈ ኮድ ነው። ይህ ሁሉ ኮድ የሚሮጠው በአንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ባለ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፒኤስ በሚባለው ትእዛዝ ፕሮሰሶቹን ስትዘረዝር አንድ ቨርቹዋል ማሽን አንድ መስመር ነው። የዩኤስቢው ኮድ ሲደናቀፍ ፕሮሰሱ ይወድቃል፤ ፕሮሰሱ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ነው።

ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ አምስት ቤተሰብ ነበርን፤ ማድቤቱ ግን የጋራ፣ ጓሮ፣ ከመኖሪያ ቤቶቹ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ በቆርቆሮ የተሠራ ነበር። ለምን እንደራቀ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ጭስ አለ፣ እሳት አለ፣ በርበሬ ይታመሳል፣ በቃ። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት እሳቱ የማድቤቱን ማገር ያዘ። ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲ ይዞ ሲራወጥ አያቴ ቤት ውስጥ ተኝታ ነበር፤ የሰማችው ጠዋት ነው። ጉዳቱ አንድ ጣሪያና የሁለት ቤተሰብ ዶሮ ወጥ ሆነ። (ያን ዓመት የፈሰክነው በሌላ ሰው ድስት ነው። እናቴ እስካሁን ታነሳዋለች።) ማድቤቱ በሳምንቱ ተመልሶ ቆመ።

ኬሙ እንግዲህ ማድቤቱን ሳሎን ውስጥ የሠራ ቤት ነው።

ከእኔ ዶንግል የከበደ ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 «ቬኖም» የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ። የት ነው የተገኘው? የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያው ኮድ ውስጥ። በ2015 ፍሎፒ! ኮዱ ከ2004 ጀምሮ እዚያው ተቀምጧል። 512 ባይት የምትይዝ ቋት አለችው፤ ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለ ሰው አንዳንድ ትእዛዞችን አጣምሞ ከላከ ቋቷ ሞልታ ወደ ጎን ትፈሳለች። ኮዱን ከሚጠቀሙት ሲስተሞች በአንዳንዶቹ ላይ ፍሎፒውን አጥፍተኸው እንኳ ኮዱ መሥራቱን አይተውም ነበር። በዚያ የገባ ሰው ፍሎፒውን አይደለም የሚያገኘው፤ ኬሙ የያዘውን ሁሉ ነው፦ ሜሞሪውን፣ የተከፈቱትን የዲስክ ፋይሎች፣ ኔትወርኩን። ማንም የማይጠቀምበት ጥግ ላይ የተረሳ ምድጃ ቤቱን በሙሉ አቃጠለ እንደማለት ነው።

እናም ያን ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ እየገባሁ ማድቤቶቹን ወደ ጓሮ ማውጣት ጀመርኩ።

ከዶንግሏ ነው የጀመርኩት፤ ቂም ነበረኝ። ዩኤስቢሪዳይር የሚባል ዘዴ አለ። እውነተኛውን የዩኤስቢ ዕቃ የሚነካው ሌላ ትንሽ ፕሮሰስ ይሆናል፣ ኬሙ ደግሞ በሶኬት (ሁለት ፕሮሰሶች በሚነጋገሩበት መስመር) ብቻ ያወራዋል። ዶንግሏን ስነቅላት ያቺ ትንሿ ፕሮሰስ ብትሞት ትሞታለች፤ ዊንዶውሱ የሚያየው ዶንግል እንደተነቀለ ብቻ ነው፣ እውነቱም ይኸው ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ። ጁኒየራችንን ጠርቼ «ንቀላት» አልኩት። እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። «እኔ አልነካም ጋሼ» አለ። ራሴ ነቀልኳት። ማሽኑ አልወደቀም፤ ሂሳቡ «ፈቃድ የለም» ብሎ አኮረፈ፤ ሰካኋት፤ ታረቀ።

ዲስኩ ግን በዚህ አይሆንም። ዶንግል አልፎ አልፎ ትጠየቃለች፤ ዲስክ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጥያቄ ይቀበላል። እያንዳንዱን ጥያቄ በሶኬት ጽፎ መላክ ማለት ለእያንዳንዷ እንጀራ ከሳሎን እስከ ጓሮ መመላለስ ነው። እዚህ ላይ ነው ቪሆስት-ዩዘር የሚመጣው።

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2010 የኔትወርኩ ሥራ ከኬሙ ወጥቶ ወደ ከርነል ገባ፤ ቪሆስት-ኔት ተባለ። ፈጣን ነው፣ ግን ማድቤቱን ከሳሎን አውጥቶ አባወራው መኝታ ቤት ማስገባት ነው፤ ከርነል ውስጥ የሚነሳ እሳት ሰርቨሩን በሙሉ ይዞ ይሄዳል። በ2014፣ ከኬሙ 2.1 ጋር፣ ያንኑ የመግባቢያ ቋንቋ በሁለት ተራ ፕሮሰሶች መካከል በዩኒክስ ሶኬት እንዲነገር አደረጉት። ኬሙ ፊት ለፊት፣ ዲቫይሱን የሚሠራው ባክኤንድ ከኋላ። የወደድኩት ይሄንን ነው።

ብልሃቱ ሶኬቱ ላይ የሚሄደው ወሬ ጥቂት መሆኑ ነው። ገና ሲተዋወቁ ኬሙ «ምን ምን ትችላለህ?» ይለዋል፤ ባክኤንዱ ይመልሳል። ቀጥሎ ኬሙ የማሽኑን ሜሞሪ ይሰጠዋል። ሜሞሪውን ገልብጦ አይደለም የሚልከው። በዩኒክስ ሶኬት የተከፈተ ፋይል ለሌላ ፕሮሰስ አሳልፎ መስጠት ይቻላል፤ ሊኑክስ ላይ ካሉት ነገሮች እኔ በጣም የምወዳት ዘዴ ናት። ፕሮግራም ለከርነል የሚልከውን ጥሪ የሚያሳየውን ኤስትሬስ ከፍቼ መልእክቷን አይቻታለሁ። ከአንዲት አጭር መልእክት ጎን ኤስሲኤም ራይትስ የምትል ምልክት፣ ከእሷ ጋር አንድ ቁጥር፣ 23። በዚያች ቁጥር 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ከአንድ ፕሮሰስ ወደ ሌላው ተሻገረ፤ አንድም ባይት ግን ቦታውን አልለቀቀም። ቁልፍ ነው የተሰጠው።

ከዚያ በኋላ ኬሙ ከመንገዱ ላይ ይወጣል። ውስጥ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዲስክ ማንበብ ሲፈልግ ጥያቄውን የቨርቲዮ (ለቨርቹዋል ዲቫይሶች የተዘጋጀ የመግባቢያ ደንብ) ወረፋ ላይ ያኖራል። ወረፋው ሜሞሪ ላይ ያለ ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ መስመር 16 ባይት ነው፤ 8ቱ አድራሻ፣ 4ቱ ርዝመት፣ 2ቱ ምልክት፣ 2ቱ ቀጣዩ መስመር የት እንዳለ የሚናገሩ። አንድ ዝርዝር «እነዚህን ውሰድ» ይላል፣ ሌላው «እነዚህን ጨርሻለሁ»። ጠያቂው ጽፎ ሲጨርስ ደወል ይመታል፤ ደወሉን ኬቪኤም በቀጥታ ወደ ባክኤንዱ ያደርሰዋል። ባክኤንዱ ሠርቶ ሲጨርስ በሌላ ደወል ይመልሳል፣ ኬቪኤምም ማሽኑን ይቀሰቅሰዋል። ኬሙ በዚህ ሁሉ መሃል እንቅልፉን ሊተኛ ይችላል።

ወረቀት ላይ እንዲህ ያማረው ነገር የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሙሉ በላብኝ። ባክኤንዱ ተነሳ፣ ኬሙ ተነሳ፣ ተዋወቁ፣ ሜሞሪውን ተቀባበሉ፣ ስህተት የሚል ቃል የትም የለም። ማሽኑ ግን ዲስኩን ለማንበብ ሞክሮ እዚያው ቀረ። ባክኤንዱ ላይ ማተሚያ መስመር ጨምሬ ወረፋውን ሲያይ ምን እንደሚያገኝ አየሁ፤ ዜሮ። ደወል ይመታለታል፣ ሮጦ ሄዶ ወረፋውን ያያል፣ ዜሮ። እንደገና ደወል፣ እንደገና ዜሮ። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳስብ ነው የበራልኝ። ሜሞሪውን ከፋይል እንዲወስድ አዝዤዋለሁ፤ ሼር የምትለውን አማራጭ ግን አላበራኋትም። ስለዚህ ኬሙ የፋይሉን የግል ቅጂ ነበር የያዘው። ማሽኑ የሚጽፈው በቅጂው ላይ፣ ባክኤንዱ የሚያነበው ዋናውን። አንዱ ፎቶ ኮፒ ላይ እየጻፈ ሌላው ዋናውን ደብተር እያየ «የት አለ የጻፍከው?» ሲለው መዋሉ ነው። አንዲት ቃል ጨመርኩ፤ ማሽኑ ተነሳ። ለዚህች ቃል ስድስት ሰዓት ከፈልኩ፤ እናንተ በነፃ ውሰዷት።

ስለ ፍጥነት ብዙ ይወራል። ኢንቴል የጀመረው ኤስፒዲኬ የሚባል ባክኤንድ አለ፤ በጣም ፈጣን ነው፤ ሞከርኩት። ፍጥነቱን የሚያመጣው ደወል ባለመጠበቅ ነው። «ሥራ አለ? ሥራ አለ? ሥራ አለ?» እያለ ወረፋውን ሳያቋርጥ ያያል። ምሳ ቤት ገብተህ ሜኑ ሳትከፍት አናትህ ላይ ቆሞ «ምን ልታዘዝ?» እንደሚልህ አስተናጋጅ። ስለዚህ እሑድ ሌሊት፣ ማንም ሳይኖር፣ አንድ ሙሉ የሲፒዩ ኮር መቶ በመቶ ይሠራል። ብዙ ኮርና የማይጠፋ መብራት ላለው ትልቅ ዳታ ሴንተር ይገባዋል። ዩፒኤሱን በደቂቃ ለሚቆጥር ቢሮ ግን አልመቸኝም፤ ደወል የሚጠብቀውን መረጥኩ፣ አልተጸጸትኩም።

የምጠብቀው ቀን ሌላ ነበር፤ የመግደያው ቀን።

መሞከሪያ ማሽን አዘጋጀሁ። ውስጡ ሊኑክስ፣ ዳታቤዝ፣ ሳያቋርጥ የሚጽፍ አንድ ስክሪፕት። ከዚያ ባክኤንዱን በኪል ማይነስ 9፣ ፕሮሰስን በግድ በሚያስቆመው ትእዛዝ፣ ገደልኩት። ማሽኑ አልሞተም። ስክሪፕቱ ቆመ፣ እንጂ ስህተት አልሰጠም፤ ለጠየቀው መልስ ስላላገኘ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ፒንግ ሳደርገው ይመልሳል። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ የውስጡ ከርነል ሎግ ላይ አጉረመረመ፤ አንድ ሥራ ከ120 ሰከንድ በላይ ታግዷል ይላል። ባክኤንዱን መልሼ አስነሳሁት። ኬሙ በየሰከንዱ ሲሞክር ስለነበር ወዲያው ተያያዙ።

ስክሪፕቱ ግን አልተነሳም።

ለካ ባክኤንዱ ሲሞት እጁ ላይ የነበሩ ጥያቄዎች አሉ። ከወረፋው አንስቷቸዋል፣ «ጨርሻለሁ» ግን አላለም። አዲሱ ባክኤንድ ስለነሱ የሚያውቀው የለም፤ ማሽኑም እነሱን እየጠበቀ ይቀራል። ትእዛዝ ተቀብሎ በጓሮ በር ሥራውን ጥሎ የሄደ አስተናጋጅ በሉት። ለዚህም መላ አለው፣ ኢንፍላይት ይባላል። ባክኤንዱ የተቀበላቸውን ጥያቄዎች የሚመዘግበው በራሱ ሜሞሪ ላይ አይደለም፣ ኬሙ በሚይዝለት ትንሽ የጋራ ሜሞሪ ላይ ነው። ሲሞት መዝገቡ ይተርፋል፣ የሚተካው መጥቶ ያነበዋል፣ ያላለቁትን እንደገና ይሠራል። ይህን የሚያውቅ ባክኤንድ ተክቼ በቀጣዩ ቅዳሜ እንደገና ገደልኩት። ስክሪፕቱ ለአርባ ሰከንድ ያህል ቆሞ ቀጠለ። ደግሜ ገደልኩት። ደግሞ ቀጠለ። ጁኒየራችን አጠገቤ ቆሞ «አሁን እኔ ልግደለው?» አለ። ኪቦርዱን ሰጠሁት። ሰባት ጊዜ ገደለው መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ ራሱ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ሜሞሪ ሊያልቅ ነው! 8 ጊጋ ለሰጠነው ማሽን 16 ጊጋ እየበላ ነው!» ፕሮሰሶች የሚይዙትን ሜሞሪ የሚያሳየውን ቶፕን ከፍቶ ኬሙም ባክኤንዱም እያንዳንዳቸው 8 ጊጋ ይዘው አይቷል። ቶፕ የጋራውን ሜሞሪ በሁለቱም ስም ነው የሚጽፈው። አንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ ሲኖር እያንዳንዱ «ግቢያችን» ይላል፤ አምስት ግቢ ግን የለም። ድርሻውን አካፍሎ የሚያሳየው ፒኤስኤስ የሚባለው ቁጥር ነው፤ እሱን አሳየሁት።

ሁሉም ነገር ቀላል ሆነ ማለቴ አይደለም። ድሮ አንድ ፕሮሰስ የነበረው አሁን ሦስት ነው። ማን ቀድሞ እንደሚነሳ፣ ሶኬቱን የመክፈት ፈቃድ ያለው ማን እንደሆነ፣ አንዱ ሲዘመን ሌላው መስማማቱን ማየት አለብህ። ማሽኑን ሳታጠፋ ወደ ሌላ ሰርቨር ማሻገር ስትፈልግም ነገሩ ይወሳሰባል። ባክኤንዱ ሜሞሪው ላይ በቀጥታ ስለሚጽፍ፣ የትኛው የሜሞሪ ገጽ እንደተቀየረ እሱም መዝግቦ ለኬሙ ማሳወቅ አለበት፤ ይህን የማያደርግ ባክኤንድ ያለው ማሽን ካለበት አይነቃነቅም። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ የተበላሸ ነገር ስፈልግ አንድ ሎግ ማንበብ የሚናፍቀኝ ጊዜ አለ።

ሰዎች «ለይተነዋል፣ እንግዲህ ደኅንነቱ ተጠብቋል» ሲሉ ደግሞ አልስማማም። ኬሙ ለባክኤንዱ የሰጠው ቁልፍ የማሽኑን ሜሞሪ በሙሉ የሚከፍት ነው። ለዲስክ ሥራ የሚያስፈልገው ጥቂት ገጽ ነው፤ የተሰጠው ግን የይለፍ ቃሉም፣ የደንበኛው ደረሰኝም፣ ሁሉም ያለበት ነው። ባክኤንዱ ውስጥ ሰርጎ የገባ ሰው ያንን ማሽን ማንበብ ይችላል። መለየቱ የሚጠቅመው ከዚያ ወዲያ እንዳያልፍ ነው፤ እሱም ባክኤንዱን በተለየ ተጠቃሚ ስም፣ የሚጠራቸውን የከርነል ጥሪዎች በሴክኮምፕ ገድበህ፣ ከራሱ ፋይል ሌላ እንዳያይ አድርገህ ካሠራኸው ብቻ። በጉግል ክሮምኦኤስ ላይ የኬሙን ቦታ የያዘው ክሮስቪኤም ይህን ከመጀመሪያው አስቦበት ዲቫይሶቹን በየራሳቸው ፕሮሰስ ዘግቶ ያሠራል። ኬሙ ጋ ፋይል የሚያጋራው ቨርቲዮኤፍኤስዲ በራስት ቋንቋ እንደገና ተጽፎ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈው የድሮው ኮድ እ.ኤ.አ. በ2023 ከኬሙ 8.0 ተወግዷል። ባክኤንዱ ለብቻው ስለሆነ ቋንቋውን መቀየር ተቻለ፤ ኬሙ ሆድ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይቀልም ነበር። እኔ እንዲያውም ከእሳቱ ይልቅ ለዚህ ሳልወደው አልቀርም።

የእኛም ቤት ወደ ማድቤቱ የሚያወጣ በር ነበረው፤ የጓሮ በር፣ ተቆልፎ የማያውቅ። አምስቱም ቤተሰብ፣ ሠራተኛውም፣ እንግዳውም ይገቡበት ነበር። እናቴን አንድ ጊዜ ለምን አትቆልፊውም ብያት «ወጡን በመስኮት ላሳልፍ?» ነበር መልሷ።

ዶንግሏ አሁንም እዚያው ሰርቨር ላይ ናት። ጁኒየራችን በነጭ ፕላስተር ጠቅልሎ በትልቁ «አይነቀል» ብሎ ጽፎባታል። ብትነቀል ምንም እንደማይሆን ነግሬዋለሁ፣ አይቷልም። ፕላስተሩን ግን አላነሳም።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። እናቴ ኮንዶሚኒየም ደርሷት አራተኛ ፎቅ ገባች፤ ማድቤቱ ሳሎኑን ተደግፎ፣ በር እንኳ የለውም። ያለፈው እሑድ ሄጄ ደወሉን ስመታ ወዲያው አልከፈተችም። መጋረጃው ሽንኩርት ሸተተብኝ ብላ የከሰል ምድጃዋን በረንዳ ላይ አውጥታለች። ወጡ እዚያ ይንተከተካል፤ የበረንዳውን በር ከኋላዋ ዘግታዋለች፣ በመስታወቱ በኩል በማማሰያው ትንሽ ቆይ የሚል ምልክት አሳየችኝ።